ድካሜ ሐሳብ ብቻ መሆኑን ላበሰሩኝ የሐኪሞች ቦርድ ሰብሳቢ

ለተከበሩ ዶክተር
(ስምዎንም ሆስፒታልዎንም ለክብርዎ ስል አልጠቅስም)
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንደ አሶሳ ማንጎ የለመለመ፣ ጉልበትዎም ዳገት የማይበግረው ይሁንልኝ። እኔ ቃናኒ ዳበሳ፣ ከወለጋ መጥቼ እዚህ ባዮሎጂ የማስተምር መምህርት ነኝ። ባለፈው ክረምት ከቫይረስ የመጣ ትኩሳት ጥሎኝ ነበር፤ ትኩሳቱ ሲሄድ ድካሙ አብሮት መሄድን ረሳ። ፀጉሬን በታጠብኩ ማግስት ከአልጋ አልወርድም፤ ሰሌዳ ላይ አንድ ቅጠል ስዬ ክንዴ ይዝላል። የሕመም ፈቃድ ብጠይቅ ቦርድዎ ደሜ ንጹሕ መሆኑን አይቶ፣ በሽታዬ «ደክሞኛል ብሎ ማመን» እንደሆነ፣ መድኃኒቱም አስተሳሰብንና ባህሪን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ብቻ እንደሆነ ወሰነ። እነሆ ምስጋናዬ፦

፩. ሕክምናው አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዲሰጥ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዋቅሹማና የሆስፒታሉ ጥበቃ ሙርሳል በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። እርስዎ በአጋጣሚ ሲያልፉ «ደክሞኛል» ብልዎ፣ «ይኸው፣ ሐሳቡ መጣ!» አሉኝ። ተሸካሚዎቼም ቁና ቁና ይተነፍሱ ስለነበር፣ ለእነሱም ካርድ ይውጣላቸው ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።

፪. በየቀኑ አንድ የመብራት ምሰሶ እየጨመርኩ እንድራመድ አዘዙኝ፤ ታዘዝኩ። ገበያው ጋ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና የፍራፍሬ ሻጯ የሰዕዲያ ማንጎ በተዘረጋበት ማዳበሪያ ላይ ወደቅሁ። ሰዕዲያ «ኧረ መምህርት፣ ፊትሽ አመድ መሰለ! ወላሂ አንቺ በእግር አትሄጂም» ብላ ባጃጅ አስቁማ ሰደደችኝ። ሳምንቱን ሙሉ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ። ቦርድዎ ግን «ታካሚዋ ገበያ መድረስ ችላለች» ሲል መሻሻሌን አጸደቀ። እንዴት እንደተመለስኩ የጠየቀኝ የለም።

፫. አማካሪዋን ሩሐማን ስለመደቡልኝ የማቀርበው ምስጋና ግን እውነተኛ ነው። «እንዲህ ሆኜ እቀር ይሆን?» እያልኩ ፊቷ አልቅሻለሁ፤ እሷም ፍርሃቴን እንድሸከመው ረድታኛለች። ንግግር ከንቱ ነው የሚል ከእኔ ጋር ይጣላል። ፍርሃቴ ቀለለ፤ እግሬ ግን አልቀለለም። ይህንኑ ጽፋ እረፍት እንዲሰጠኝ ብትጠይቅ፣ «የታካሚዋ ሐሳብ ተጋብቶባታል» ብላችሁ እሷም ያንኑ ሕክምና እንድትከታተል ወሰናችሁ። የሆስፒታሉ አማካሪ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ አሁን በየሐሙሱ ከራሷ ጋር ቀጠሮ አላት። ባለፈው አርፍዳ ስለመጣች ራሷን ይቅርታ ጠይቃለች አሉ።

፬. ፈቃዱን ስለከለከሉኝ ከሥራ ልሰናበት ጫፍ ደርሼ ነበር። ርእሰ መምህራችን እዩኤል፣ የሕክምና ትምህርት ስላልተማሩ ይመስለኛል፣ ፊቴን አይተው «ቁጭ ብለሽ የቻልሽውን ያህል አስተምሪ» አሉኝ። ይኸው በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ወንበር ላይ ሆኜ እያስተማርኩ እንጀራዬን አላጣሁም። አልዳንኩም፤ ግን የሚያምነኝ ሰው አገኘሁ።

ልመናዬ አጭር ነው፦ ንግግሩም ይቀጥል፣ እረፍቱም ይፈቀድ፤ ሩሐማንም ከራሷ ያላቅቁልን።

ከወንበሯ ሳትነሣ፣ አንገቷን ግን እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አድርጋ እጅ የምትነሣዎ፣
ታዛዥዎ ቃናኒ ዳበሳ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ረዝሞ፣ እያነበቡ ድካም ድካም ካለዎት፣ እባክዎ ጋደም ይበሉ። ማስረጃ አልጠይቅዎትም፤ እኔ አምንዎታለሁ።