ቀዩ ጉብታ

ሰኔ 3
ዛሬም ከተማዋን ስዞር ዋልኩ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ። ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው፤ በዚህች የጥንት ከተማ ያለውን ጉብታ፣ ገደልና ሸለቆ ሁሉ ተፈጥሮ የሠራው ነው ወይስ ሰው ብሎ መለየት፣ ከዚያ ካርታ ላይ ማስፈር። የተፈጥሮው ቡናማ፣ የሰው እጅ ያለበት ቀይ። በቃ። ግን ሰው እዚህ ስንት ዘመን ቆፍሯል፣ ደልድሏል፣ ከምሯል... ማን ለይቶ ይጨርሰዋል?
ቀጮ፣ መለኪያ መሣሪያውን የሚይዘው ባልደረባዬ፣ "ለየጉብታው መታወቂያ ቢሰጠው ኖሮ እንዲህ አንለፋም ነበር" አለ። ዝናቡ መሀል ቆመን ሳቅን።

ሰኔ 9
ምሳ ታላቅ እህቴ ቤት። ከትልቁ ጉብታ አናት ላይ ነው የምትኖረው፤ ውሃ ሽቅብ አይደርስም። አሁን ግን ከቤቷ ጀርባ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ነው። የእኛ ካርታ እስኪያልቅ ነው የሚጠበቀው።
"በይ ቶሎ ጨርሺልን፤ ጄሪካን ስሸከም ወገቤ ተቆረጠ።"
"እሺ እታለም።"
ምን ይከብደኛል? አለት ነው እየተባለ የኖረ ጉብታ። በድሮው ካርታም ቡናማ ነው።

ሰኔ 21
ዶፍ ጣለ። እህቴ በር ላይ ቆሜ ጎርፉን ልይ ብል... ጎርፍ የለም! ማዶ ሸንተረሩ ላይ ውሃው እየተንደረደረ ይወርዳል፤ እዚህ መሬቱ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣዋል። አለት ውሃ ይጠጣል እንዴ?
ግድግዳዋም ተሰንጥቋል። "ቤቱ አርጅቶ ነው" ትላለች። ቤቱ ነው ወይስ ከሥሩ ያለው?

ሰኔ 22
ለአለቃዬ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። የድሮውን ካርታ የሠሩት በወጣትነታቸው እሳቸው ናቸው።
"ልጄ፣ ያንን ጉብታ በእግሬ ለክቼዋለሁ። አለት ነው።"
"ተቆፍሮ ታይቷል?"
መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ያኔ መቆፈሪያ ማን ሰጠን?"
"እንግዲያው አሁን ይቆፈር በሉልኝ።"
"ሰፈሩ ሁሉ ውሃ እየጠበቀ ነው። ሥራ ያጓተተችብን እሷ ናት ቢሉሽስ?"
"ይበሉኝ!"
ወጥቼ የቁፋሮውን መጠየቂያ ጻፍኩ።

ሐምሌ 6
ተቆፈረ። መሰርሰሪያው ያወጣው ጥቁር አፈር። ቀጥሎ አመድ። የሸክላ ስባሪ። እንደገና አመድ፣ የፈረሰ ግድግዳ ጭቃ፣ የከብት አጥንት... አለት የተገኘው ከታች፣ ከመንገዱ ጋር እኩል ከሆነው ቦታ ነው። ጉብታው በሙሉ ሰው የከመረው ነው! ቤት ሲፈርስ በላዩ ቤት እየተሠራ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ።
ያ ሁሉ ውሃ እዚያ ላይ ቢጫን ኖሮ? እህቴን ከነቤቷ ይዟት በወረደ። ልክ ነበርኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

ሐምሌ 7
እህቴ ሰማች። ደወለች።
"የገዛ እህቴ ውሃ ትከልክለኝ?"
"እታለም፣ መሬቱ አይችለውም። ይዞሽ ይወርድ ነበር እኮ።"
"ቆሻሻ ክምር ላይ ነው የምትኖሩት ብለሽ ጻፍሽብን አይደል? ማዶ ሰፈር መሳቂያ አደረግሽን!"
ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሐምሌ 15
አትደውልም። ስደውል አታነሳም።

ነሐሴ 2
ማጠራቀሚያው ሌላ ቦታ ይፈለግለት ተባለ። ቦታ የት አለ?
ከሰፈሩ በላይ "ፍርስራሹ" የሚሉት አለ። የተደራረበ ድንጋይ ነው፤ የጥንት ቅጥር ፈርሶ ነው ይባላል። እኛም ቀይ ልናደርገው ነበር። ዛሬ ቁጥቋጦውን እየመነጠርን ጠጋ ብዬ ሳየው አንድ ነጭ መስመር ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ያልፋል። ተከተልኩት። እስከ ጫፍ! ግንበኛ የደረደረው ቢሆን መስመሩ በየድንጋዩ በተበጣጠሰ።
"ቀጮ፣ ይሄ ቅጥር አይደለም፤ ከመሬት የበቀለ አለት ነው!"
ቀጮ ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። "ሌላ ጠብ ውስጥ ልትገቢ ነው" አለኝ። ከፍታውን ለካን፤ ከእህቴ ጣሪያ ይበልጣል። እየሮጥኩ ነው የወረድኩት... በዚህ ዕድሜዬ!

ነሐሴ 11
መሰርሰሪያው ገና ከላዩ ጮኸ። ድፍን አለት።
አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። "በይ ቀይሪው" አሉኝ። "እርስዎ ይቀይሩት" አልኳቸው። ከጎኔ ተቀመጡና በገዛ እጃቸው ጉብታውን ቀይ፣ ፍርስራሹን ቡናማ አደረጉት። "ሳልሞት መታረሜ ጥሩ ነው" ብለው ሳቁ። የሠሪው ስም ከሚጻፍበት ጥግ ደግሞ የእኔን ስም ጻፉ፤ የእኔን ብቻ። የማደርገው ጠፋኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 19
ማጠራቀሚያው ፍርስራሹ ላይ ተሠርቶ አለቀ፤ ውሃው እነእህቴ ቤት ደረሰ አሉ! እህቴ አልደወለችም። በስልክ ድምፅ ብቻ ላከችልኝ። አንድ ቃል የለበትም። ባልዲ ሲሞላ ነው የሚሰማው። ደጋግሜ አዳመጥኩት።

ታኅሣሥ 8
ካርታው ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰቀለ። እህቴ ሳትነግረኝ ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። አላቀፈችኝም፤ ቀጥ ብላ ወደ ካርታው።
"የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?"
"እዚህ፣ ቀዩ ላይ።"
"ይሄን ሁሉ... ሰው ነው የሠራው?"
"ሰው ነው። እየተሸከመ፣ እየደለደለ። የፈረሰበትን ትቶ አልሄደም፤ እዚያው ላይ ነው መልሶ የሠራው።"
ጣቷን ቀዩ ላይ አሳረፈች። አጠገባችን የቆመ አንድ የማዶ ሰፈር ሰውዬ፣ "የእኛ ኮረብታ እንኳን የተፈጥሮ ነው" አለ ደረቱን ነፍቶ።
እህቴ ዞር አለችበት። "የእናንተን እግዜር ሠራላችሁ። የእኛን እኛው ሠራነው!"
አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሷ አልሳቀችም። ከጥግ ያለውን ስም ጮክ ብላ ለጎረቤቶቿ አነበበችላቸው። "ታናሼ ናት" አለች፣ የማያውቅ ያለ ይመስል።
ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እሷ ጣቷን ከቀዩ ላይ አላነሳችም።