የሾርባ ቤቱ የአስተያየት መዝገብ

ለድሮ ጓደኛዬ፣

ደህና ነሽ ወይ? ጉልበትሽ ደረጃ ላይ አሁንም ይንቋቋል? ይህን የምጠይቅሽ ናፍቀሽኝ አይደለም። ፊደል የሚያስቆጥረን አስተማሪ ደብዳቤ ጤና ሳይጠየቅበት አይጀመርም ስላለን ነው። እኔ ከወገቤ፣ ከጥርሴና ከጎረቤቶቼ በቀር ደህና ነኝ።

አዎ፣ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። የዛሬ አራት ዓመት ሾርባ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ጸሐፊሽ አይደለሁም፤ ከፈለግሽ ፊደል ቁጠሪና ስሞታሽን ራስሽ ጻፊው» ያልሽኝን አልረሳሁም። በሕይወቴ ሾርባዬን በግማሽ ትቼ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እርግጥ ስለ ዳቦው ብቻ ሁለት ገጽ አስጽፌሽ ነበር። ቢሆንም።

ፊደል የቆጠርኩት በእልህ ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው የየስማችሁን አጻጻፍ ላሳያችሁ ሲል፣ እኔ ያንቺን ስም አሳየኝ አልኩት። ለክስ ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እንግዲህ ቀኔ ደረሰ። አብራኝ የምትማር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ እሷን ይዤ፣ አራት ዓመት ደጁን ያልረገጥኩትን ሾርባ ቤት ሄድኩ። ስሞታዬን ቤት አርቅቄ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። መንገዱን ሁሉ «ያ ቤት እኔን ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ አፌን ያውቁታል» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁባት። ደግሞም አልዋሸሁም። ገና ስገባ፣ አንቺ «አምቡላንስ» ብለሽ ስም ያወጣሽለት ያ ቀርፋፋ አስተናጋጅ «እትዬ፣ የት ጠፉ?» ብሎ ከበሩ ራቅ ያለውን የድሮ ቦታችንን ወለወለልኝ። ወንበሩ ላይ ትራስ አደረገልኝ። ዳቦ ሲያቀርብም ለእኔ ለስላሳ ለስላሳውን መርጦ ነው። «አየሽ ፍርሃት?» አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

ከዚህች ሴት ጋር መብላት ግን ቅጣት ነው። ሁሉ ይጥማታል። ሾርባው ውሃ ነው ስላት «ውሃም እኮ ደግ ነው» ትለኛለች። ድንቹ ጥሬ ነው ስላት «ጥርስ ያጠነክራል»። አንቺ ቢያንስ ትከራከሪኝ ነበር።

አስተናጋጁን መዝገቡን አምጣ አልኩት። ያንን ወፍራም የአስተያየት መዝገብ፣ እኔ እየተናገርኩ አንቺ ስትጽፊበት የኖርሽውን። አዲሱን ስሞታ ከመጻፌ በፊት የድሮዎቹን በዓይኔ ልያቸው ብዬ ገለጥኩት። ጽሕፈትሽ ነፋስ እንደገፋው አጥር ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ቶሎ አልገባ አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ከእኔ ፈጠን ትላለችና አንብቢልኝ አልኳት። እሷ ደግሞ ክፍል ውስጥ እንደለመደችው ተነስታ ቆመች፤ ጉሮሮዋን ጠረገችና ለቤቱ ሁሉ ታነበው ጀመር።

«ሾርባው ዛሬም አጥንት ያሞቃል። የወጥ ቤቷ እጅ ይባረክ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ሳስጽፍሽ የኖርኩት «የሳህን እጣቢ ነው፤ ወጥ ቤቷ ትባረር» እያልኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀጠለች።

«ጓደኛዬን በሩ አጠገብ አታስቀምጧት፤ ወገቧን ብርድ ይመታታል። ትራስ ቢገኝላት ደግ ነው። ጥርሷን ስለሚያማት ከዳቦው ለስላሳውን ስጧት። ስትቆጣ አትስሟት፤ ሾርባዋን ጨርሳ ነው የምትሄደው። ይህን መጻፌን አትንገሯት።»

ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ «ደስ ሲል» ብላ ተቀመጠች።

አንቺ ሴትዮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ዋሽተሽኛል። እኔ የፈሩኝ መስሎኝ በየሰፈሩ ስጎርር ኖሬአለሁ። ይህን ይቅር የምል እንዳይመስልሽ።

የመጨረሻዎቹን ገጾች ራሴ አነበብኳቸው፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ማንም ሳይረዳኝ። ከተጣላን ወዲህ የተጻፉ ናቸው። «ሾርባው ቀዝቅዟል። ድንቹ ጥሬ ነው። አስተናጋጁ እግሩን የተዋሰው ከኤሊ ነው።» ገጽ በገጽ እንዲሁ ነው። ቃሉ የእኔ፣ ስድቡ የእኔ፣ አንድም ሳይጎድል፤ ጽሕፈቱ ያንቺ።

አምቡላንስ አጠገቤ ቆሞ ኖሯል። ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻሽን እንደምትመጪ ነገረኝ። ፊት ለፊትሽ ያለው ወንበር ላይ ሰው አታስቀምጪም አሉ። «ሾርባውን አሟጠው ጠጥተው፣ ይህን ጽፈው ይሄዳሉ። እትዬ፣ ምን እንዳስቀየምናቸው እባክዎ ይጠይቁልን» አለኝ።

እናንተ አይደላችሁም አልኩት።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሾርባዬ ቀዘቀዘ። ጥፋቱ የወጥ ቤቷ ነው። ጠጣሁት ግን፤ ጨረስኩትም። አርቅቄ ያመጣሁትን ስሞታ ከቦርሳዬ ሳላወጣ፣ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ሄደሽ አንብቢው። ከአንቺ ጽሕፈት ስር ነው፤ የእኔ ፊደሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እንዳንቺዎቹ አልተኙም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ትምህርት የለኝም። በዚያ በኩል ባልፍ አይግረምሽ፤ መንገዱ የመንግሥት ነው። ያንን ወንበር ግን ለማንም እንዳትሰጪ፤ ትራሱም የእኔ ነው። ከእንግዲህ ስሞታ ሲኖርሽ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፍልሻለሁ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ብቻ አትጠይቂኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደረጃውንም ዝቅ ያድርግልሽ።

ጨርሳ የምትሄደው ጓደኛሽ