ዝም ያለችው ዳክዬ

ቅዳሜ፣ የካቲት 7 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለውዷ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እዚህ ቤት ሁላችንም ደህና ነን፤ «ሁላችንም» ስልሽ እኔና ውሻው ነን።

ለቡችላው ዕቃ ሞልተሽ የላክሽው ካርቶን ደርሶናል። ሲከፈት ግን አላየሁም። አንድ ደንበኛ የተጠገነለትን ራዲዮ ሊወስድ መጥቶ ከእሱ ጋር ሳወራ፣ ቡችላው ካርቶኑን ከጎኑ ቀዶ ገብቶበታል። የሚሸናበትን ምንጣፍ ሱቁ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲጎትት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ባዶው ካርቶን ውስጥ ገብቶ ተኛ። ስለዚህ ያ ያማረ መኝታ ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ካርቶኑ ግን እስካሁን በአገልግሎት ላይ ነው።

ስሙን ፊውዝ ብዬዋለሁ። ሲሮጥ ሲሮጥ ይቆይና በቆመበት ድርግም ይላል። አንቺ የለመንሻት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ውሻዋ ከወለደቻቸው መርጣ ስታመጣልኝ «ረባሹን ነው የሰጠሁዎት፣ ሥራ እንዳይፈቱ» ብላኝ ነበር። ቃሏን ጠብቃለች።

የአንገት ማሰሪያው ሰፍቶት ስለነበር፣ ሽቦ የምበይድበትን ብረት አግዬ አንድ ቀዳዳ ጨመርኩበት። ሳህኖቹ ከሥራቸው ጎማ ስላላቸው አይንሸራተቱም፤ የበፊቱን የፕላስቲክ ሳህን በአፍንጫው እየገፋ እስከ በሩ ይሸኘው ነበር። የጎማው አጥንት ጫማዬን አትርፎልኛል፣ ቢያንስ የቀኙን። የጥፍር መቁረጫውን ግን ፈራሁት። ክትባት ላስወጋው ስወስደው የእንስሳት ሐኪሙ ጫፉን ብቻ እንዴት እንደማነሳ አሳየኝ፤ አሁን ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንቆርጣለን።

የሽቦ ቤቱን ሱቁ ጥግ፣ ከአልጋዬ አጠገብ አደረግሁለትና የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ አደረ። ጠዋት በሩን ስከፍት ልብስ ሰፊዋ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ እኮ።»

«ማን?»

«ቡችላው ነዋ።»

«ኧረ እሱ ጨዋ ነው፤ ኮሽ ያለ ነገር የለም» አልኳት። ከሌላ ቤት ውሻ ጋር ተምታቶባት ነው ብዬ ተውኩት።

ከዕቃው ሁሉ ያስቸገረችኝ ያቺ ቢጫ የጎማ ዳክዬ ናት። ማሸጊያዋ ላይ «ስትጨመቅ ትጮኻለች» ይላል። ብጨምቃት ዝም። ደግሜ ብጨምቃት ዝም። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ የጠፋበት ዕቃ ስጠግን የኖርኩ ሰው ለዳክዬ እጅ ልሰጥ ነው? ሆዷን በምላጭ ከፍቼ በውስጧ ያለውን ፊሽካ አወጣሁና አየሁት። አልተሰነጠቀም፣ አልተደፈነም። መልሼ በሙጫ ዘጋኋት። አሁንም ዝም። የገረመኝ ውሻው ነው፤ በጨመቅኳት ቁጥር ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ ያየኛል።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይዣት ሄድኩና «እስቲ እያት፣ ለልጄ የተበላሸ ዕቃ ሸጠውላታል» አልኳት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ጨመቀቻት። ፊውዝ ዘሎ ጭኗ ላይ ወጣ። ልብስ ልትለካ የመጣችው ሴትዮም ደንግጣ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጆሮ ትበሳለች።»

«እኔን ብቻ አኩርፋኝ ይሆናል» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ትንሽ ሰንብቶ፣ ደረቱ ላይ በሚታሰረው ገመድ ይዤው ወጣሁ። ከሱቁ ወዲያ ያለው መጋዘን አጠገብ ስንደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልንቀሳቀስም አለ። «ና እንጂ፣ አትለግም» ብዬ ስጎትተው እሱ ወደ ግድግዳው ጎተተኝ። ተናድጄ ወደ እሱ ስጠጋ፣ ወደኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ትከሻዬን ታክኮኝ አለፈ። ሹፌሩ ዘሎ ወረደ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ጡሩምባ ስነፋ ነው የመጣሁት። ምን ሆነው ነው?»

መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፊውዝም መጥቶ ጫማዬ ላይ ተቀመጠ። ስንመለስ ለልብስ ሰፊዋ ሁሉን ነገርኳት።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ የጆሮ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣኝ ማዳመጫ አደረገችልኝና «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አለችኝ። አንድ ወፍራም ድምፅ ሰምቼ አነሳሁ። ቀጣዩን ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ በሩን ከፈተችና «ጨርሰናል» አለችኝ።

«መቼ ተጀመረና?» አልኳት።

ቀጫጭኑ ድምፅ ከጠፋብኝ ቆይቷል አለች፤ ፉጨት፣ የወፍ ድምፅ፣ የሴት ድምፅ፤ ወፍራሙም ቢሆን ደክሞብኛል። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራኝ ከንፈሩን አይቼ የጎደለውን ሳላውቀው እሞላለሁ አለች።

አሁን ከሁለቱም ጆሮዎቼ ኋላ ባቄላ የምታክል የመስሚያ መሣሪያ አለችልኝ። አትዘኚ፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን በቀር አላዘንኩም። ባትሪዋን ራሴ እቀይራለሁ፤ ይህን እንኳ ማንም አያስተምረኝም። ለካ ውሻ ውሃ ሲጠጣ ይህን ያህል ይንቦጫረቃል። ጥፍሩ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተኝቶም በሕልሙ ያለቃቅሳል፤ ያን ጊዜ እጄን በሽቦው መሃል አስገብቼ ሆዱን ስዳብሰው ጸጥ ይላል። ዳክዬዋን ግን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቅያታለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ልክ ነበረች።

ሌላ ዕቃ እንዳትልኪ፤ ያለው ይበቃናል። የላክሽውን የጸጉር ብሩሽ በጣም ይወደዋል፤ ገና ሳነሳው ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካርቶኑን ከመላክሽ በፊት በስልክ ያወራን ዕለት ብዙ ነገርሽኝ። እኔም «መልካም ነው፣ ደስ ይላል» እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ዝም አልሽና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዕቃሽ እንጂ ድምፅሽ አልመጣም። መስመሩ ተቋርጦ ነው ብዬ ነበር።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ደውዪልኝ፣ እናቴ። የዚያን ዕለቱን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ደስታም ከሆነ፣ ሌላም ከሆነ፣ ሱቁን ዘግቼ እጠብቅሻለሁ። አትቸኩዪ፤ እኔም አልቸኩልም።

የምትውዪበት ይቅናሽ፣ የምታድሪበት ይሙቅልሽ፤ ክፉ በደጅሽ አይለፍ።

የሚሰማሽ አባትሽ