ሃያ ሁለት ይላል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12
አማቴን ከሆስፒታል አመጣናቸው። የሳንባ ምች። ሐኪሙ አጥብቆ ያሳሰበው አንድ ነገር፦ ክፍላቸው ከሃያ ዲግሪ እንዳይወርድ፤ ከወረደ ተመልሰው ሆስፒታል ይተኛሉ። ባሌ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ ሶኬት ላይ ሰካና ግዴታውን ተወጣ። ማሞቂያው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ መጥበስና መጥፋት። ስልክ በመጠገን የምተዳደር ሰው... አንድ መቆጣጠሪያ ያቅተኛል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 14
ተወለደ። የሙቀት መለኪያ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትንሽ ስክሪን፣ ለኃይል ደግሞ አሮጌ ቻርጀር፤ ሁሉም በአንድ ነጭ ሳጥን። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል፣ ለስልኬ ሪፖርት ይልካል። ግድግዳው ላይ ስሰቅለው ንግግር ላደርግ ምንም አልቀረኝም። ባሌ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና የምሳ ዕቃ ይመስላል አለ። ቅናት።

ዓርብ፣ ኅዳር 15
22 ዲግሪ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16
22 ዲግሪ። ሊቅ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 17
አሁንም 22። ሞቀዎት ወይ ብላቸው ምርቃቱን አዘነቡት። በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድብ ስበው ነው የመረቁኝ። የዕድሜ ነገር...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19
ሳሉ ተመለሰ። ስክሪኑን አየሁ፣ 22። ስልኬን አየሁ፣ 22። እጃቸውን ያዝኩ፣ በረዶ።
«እማማ፣ በርዶዎታል እንዴ?»
«ኧረ ልጄ፣ ሃያ ሁለት ይላል እኮ።»
«እኔ የጠየቅኩት እርስዎን ነው።»
ወደ ግድግዳው ዞሩ።
«ይሄ ሳጥን ከተሰቀለ ጀምሮ በርዶኛል። ያን ያህል የለፋሽበትን እንዴት አይሠራም ልበልሽ?»
ሳጥኑን ፈታሁት። ቻርጀሩና መለኪያው ትከሻ ለትከሻ። ቻርጀሩ ይግላል፣ መለኪያው እሱን ይለካል፣ ክፍሉ ሞቋል ብሎ ይዘግባል። አምስት ቀን ሙሉ ራሱን እያሞቀ «ሁሉ ሰላም ነው» ሲለኝ ከረመ። ቢሮ ቢቀጠር ኖሮ እስካሁን ኃላፊ ሆኖ ነበር።
ግን እኔስ? አምስት ቀን ስክሪን ስዳብስ፣ እጃቸውን አንዴ እንኳ መንካት...

ረቡዕ፣ ኅዳር 20
ሐኪሙ አያቸው። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለና አልጨረሰውም። መድኃኒት ለወጠ። መለኪያውን በረጅም ሽቦ አውጥቼ አልጋቸው ራስጌ አሰርኩት። ስክሪኑ ዓይኑን ሳያሽ እውነቱን ተናገረ፦ 14። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፤ ሳጥኑ ከተሰቀለ ጀምሮ አርፎ ነበራ። ለአማቴም መመሪያ አወጣሁ፦ በቀን ቢያንስ አንድ ስሞታ ግዴታ ነው። ምርቃት እስኪሻላቸው ክልክል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26
21። ሳል የለም። ከቁርስ እስከ ምሳ የቀረቡ ስሞታዎች፦ ማሞቂያው አፍንጫ ያደርቃል። ሳጥኑ ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ይነሳል። መጋረጃው የተሰቀለው ተገልብጦ ነው። ሾርባው ጨው የለውም... ትናንትም አልነበረውም፤ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ኖሮትም አያውቅም። አራት ዓመት! ሳህኑን ጠርገው ሲመልሱልኝ የነበረው ታዲያ ለምንድን ነው?
ጨው ጨምሬ ወሰድኩላቸው። ቀመሱ፣ ማንኪያውን አስቀመጡ፣ ቀና ብለው አዩኝ።
«አሁን ደግሞ በዛ።»