በእርሳስ የቆመው ሰው

ይድረስ ለምናፍቅህ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ነህልኝ? እንዴት ከርመሃል? ትከሻህስ እንዴት ነው፣ ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝሃል? እማዬስ እንደምን ናት፣ ዓይኗ ማልቀሱን ተወላት? አያታችንስ ትራስጌዋ ያስቀመጠችውን በትር ፍለጋ ቤቱን ታምሳለች ወይስ ገመድ አስረህላታል? ትንሿ እህታችንስ የፊት ጥርሷን አወለቀች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር። ግን አንተን መዋሸት አልችልበትም፤ ፊቴን ሳታይ እንኳ ታውቅብኛለህ። ስለዚህ ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ላቆየው።

ከነሐሴ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰኝም። እኔ አራት ልኬያለሁ፣ ይህ አምስተኛው ነው። የሰፈራችሁ ባለሱቅ ስልክ ሲደወልለት ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አክስታችን፣ ወንድ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ ሚስት እያጨ ነው፤ ክፉ ወሬ ክንፍ አለው፣ ቢኖር እስካሁን በርሮ ይደርስ ነበር ትላለች። እኔም እሷ ፊት እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አልስቅም። የማልስቅበትን ምክንያት ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ፣ አሳታሚ ቤት ነው ብዬ ብቻ አልፌህ ነበር። በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮችን የሚያወጣ ቤት ነው። ቤት ስልህ ትልቅ እንዳይመስልህ፤ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ የማስቲሹ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እኛ ድረስ ይመጣል። ሠራተኞቹም ሦስት ነን፤ አለቃችን፣ ወረቀት የሚቆርጠውና የሚጠርዘው ሰውዬ፣ እኔ። አለቃችን የማንም ጥገኛ አይደለሁም ብላ በራሷ የቆመች ሴት ናት። ትልልቆቹ አሳታሚዎች በር የዘጉባቸው ሠዓሊዎች ደረጃችንን ይወጣሉ።

የእኔ ሥራ ማጥፋት ነው። ሠዓሊዎቹ መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋሉ፣ ቀጥለው በጥቁር ቀለም ላዩን ይሄዱበታል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሥር የቀረውን እርሳስ በላጲስ የማነሳው እኔ ነኝ። ቆራጩ፣ የዚህ ቤት ጥፋት ሁሉ የዚህች ልጅ ነው እያለ ያሾፍብኛል። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ማንም አያናግረኝም፣ መስኮት አለኝ፣ ወረቀቱም እኔ ከነካሁት በኋላ ይጠራል።

ዘንድሮ ሦስት አዲስ መጻሕፍት አወጣን። አንዱ የአውቶቡስ ረዳት ስለሆነች ፍየል ነው፤ ትኬቱን እየበላች ሰውን ታስቸግራለች። ለትንሿ አንድ ደብቄላታለሁ። ሁለተኛው ጥላዋን ለጎረቤቷ አውሳ ስላልተመለሰላት ልብስ ሰፊ ነው። ሦስተኛው የአንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ነው፤ «ባዶው መንደር» ይባላል። ቃል የለበትም፣ ሰውም የለበትም። አርባ ገጽ ሙሉ ቤት፣ በር፣ አጥር፣ የተሰጣ ልብስ፣ ገና የሚጨስ ምድጃ። ሰዎቹ የት ገቡ እያልክ ገጽ ትገልጣለህ እንጂ አታገኛቸውም።

ሰው የለበትም ያልኩህ ግን የታተመውን ነው። ወደ እኔ ሲመጣ አንድ ሰው ነበረበት።

ገጹ በተከፋፈለባቸው የሥዕል ሣጥኖች ሁሉ ውስጥ በስሱ በእርሳስ የተነደፈ፣ ጀርባውን የሰጠ ሰውዬ። አንዴ በር አጠገብ፣ አንዴ አጥር ሥር፣ አንዴ መንገድ ዳር። ቀለም አልነካውም። የአለቃዬ ትእዛዝ ደግሞ አንድ ነው፤ ቀለም ያልነካው ሁሉ ይነሳ። ገጾቹ መምጣት የጀመሩት ነሐሴ ላይ ነው፣ እኔም አነሳሁት። ሃያ ስምንት ገጽ ሙሉ፣ ማን ነህ ሳልለው አነሳሁት።

ሃያ ዘጠነኛው የደረሰኝ መስከረም ላይ ነው። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። ሰውዬው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል፣ ቀኝ እጁን በጀርባው አዙሮ የግራ ክንዱን ይዟል። ላጲሱን እንዳነሳሁት ቀረሁ። እንዲህ የሚቆም ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ አውቃለሁ። ጣራ ስትጠግን ከወደቅህ ወዲህ እንዲህ ነው የምትቆመው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ንብ መጣችብኝና ለቀቅኩት። አንተ ግን ለእማዬ እግሬ አዳለጠኝ አልካት፤ እሷም እስከ ዛሬ የምታውቀው ያንኑ ነው።

ያነሳኋቸውን ገጾች አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዘነበልኳቸው። እርሳስ ቢጠፋም ጭረቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ቅርብ ነህ፣ ትልቅ ነህ፣ የሸሚዝህ እጥፋት ሳይቀር ይታያል። ከዚያ በየገጹ ትርቃለህ። ለአለቃዬ ልነግራት ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄድኩ፤ ሦስቴም ውሃ ልጠጣ ነው ብዬ ተመለስኩ። ምን እላታለሁ? ወንድሜ በማያውቀው ሰው ወረቀት ላይ ቆሟል ልበላት? ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን ይጠብቅ ነበር። ፊቴን አዙሬ ማንሳቴን ቀጠልኩ። የላጲሱን ፍርፋሪ ግን መጣል አቃተኝ፤ በክብሪት ቀፎ አጠራቅሜዋለሁ። በፖስታው ልልክልህ አስቤ ነበር፤ አንተኑ ቆርሼ የምልክ መሰለኝና ተውኩት።

አርባኛው ገጽ ላይ እጄ እምቢ አለ። በመንገዱ መታጠፊያ ላይ ነበርክ፣ የምስጥ ያህል ሆነህ። ማን ያየዋል ብዬ እንዳለ ተውኩት።

መጽሐፉ የተመረቀው ኅዳር ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጫማ ሰፊው ሱቁን ለቀቀልን፣ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ደረሰ። ሽማግሌው ሠዓሊ እየፈረመ ነበር፤ እኔ ከመጽሐፍ ክምር ኋላ ተደብቄ ማሸግ ላይ ነኝ። አንዲት አንባቢ የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ፣ ማንም የለም ብለውን የለም እንዴ፣ ታዲያ ይህ ማነው አለችው። ሠዓሊው መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ እርሳሱን የሚያነሳው ማነው ብሎ ጠየቀ። ቆራጩ አፉን ሳይዝ፣ ጥፋተኛዋ ያቻትና ብሎ አሳየኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ፈሪነቴን ታውቃለህ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልተቆጣኝም። ሰልፉ ሲያልቅ የጫማ ሰፊውን በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰውዬው ማንም አይደለም፣ መለኪያ ነው አለኝ። ቤት ስነድፍ የበሩን ቁመት የማውቀው ሰው አጠገቡ ሳቆም ነው፤ አርባ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬያለሁ፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ሰውዬው ለምን ይጠቅመኛል አለኝ። ድምፄን ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም፣ ታዲያ ትከሻው ለምን ዘንበል አለ አልኩት። የድሮው ሰውዬ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይሄኛው ነሐሴ ላይ እንዲህ ሆኖ ከእጄ ወጣ፣ ባቀናው ባቀናው አልቃና አለኝ። በር አጠገብ ላቆመው ስነሳ መንገዱ ላይ አገኘዋለሁ፤ እኔ አላራቅኩትም፣ ልጄ፣ እሱ ነው የሚሄደው አለኝ። ቀጥሎ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት፣ መሰላሉን ሳይቀር። በዕድሜዬ ለማንም ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። በሕይወት አለ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ።

አለቃችን አልቀጣችኝም። አንባቢዎቹ ትንሹን ሰውዬ ወደዱት፤ ማን እንደሆነ እየገመቱ ይጽፉላታል፣ እሷም ሁለተኛውን ክፍል ቶሎ አድርሱ ትላለች። ባለፈው ሰኞ የሁለተኛው ክፍል ስድስት ገጾች መጡ። ፖስታውን እንኳ በወግ አልከፈትኩትም፣ ቀደድኩት። ገጹን ሁሉ ወደ ብርሃን አዘንብዬ ፈለግኩህ። ከበር ኋላ፣ ከአጥር ሥር፣ ከመታጠፊያው። የለህም። በሮቹም ልካቸውን ስተዋል፤ አንዱ ድመት የማያሳልፍ ጠባብ ነው፣ ሌላው ከጣራው በላይ ወጥቷል። በገጾቹ ላይ በወረቀት ማያያዣ የተያዘች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ሠዓሊው ለእኔ የጻፋት ናት፦ «አልመጣልኝም። ወሬ ካገኘሽ አሰሚኝ።»

ላጲሴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ገጾቹ ጠረጴዛው ላይ አሉ፣ አለቃዬም ምን ነካሽ ትለኛለች። አንተ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አንቺ ድምቢጥ፣ ሥዕል ሥዕል ነው፣ ሰው በላጲስ አይጠፋም ትለኛለህ። በላ፣ በለኝ። እሱን መስማት ነው የምፈልገው። አንድ ጊዜ ከእጄ ወድቀህ ተነስተህልኛል፤ አሁንም ተነስተህ ንገረኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ አክስታችን ሳይቀር ትቀናበታለች በላት። አያታችንን ጆሮዋ ላይ ጮክ ብለህ፣ ልጅሽ ወፈረች በላት፣ እውነት ባይሆንም ደስ ይላታል። ትንሿን ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ የፍየሏ መጽሐፍ እንደሚመጣላትም ንገራት። ጎረቤታችንን አናጢውን፣ መሰላሉን ያዋሰንን፣ ሰላም በልልኝ። አክስታችን ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ለአንተ ደግሞ ሚስቲቱን አሳየን ትላለች።

ቤታችን ውስጥ ማንበብ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። ይህን ደብዳቤ የከፈተው ሌላ ሰው ከሆነ ግን፣ ማንም ይሁን፣ እባክዎ ለእማዬ ሰላምታዬን ብቻ ያንብቡላት፤ የቀረውን አጥፈው ያስቀምጡልኝ፣ ለእኔም እውነቱን ይጻፉልኝ።

አንተ ከሆንክ አንድ መስመር ይበቃኛል። በእርሳስ አትጻፍልኝ፣ ወንድምዓለም። በእስክሪብቶ፣ ወረቀቱን እስኪወጋ ተጭነህ ጻፍልኝ።

እህትህ ድምቢጥ
ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ታኅሣሥ ፱ ቀን