ላሊሴን ልመልስ ካናዳ ሄጄ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ፋንታሁን፤

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ያ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝዎ ጉልበትዎ ዘንድሮ አረፈ ወይስ እንደ ልማዱ አስቸገረዎ? ጆሮዎንስ ሐኪሙ ዳግመኛ አየልዎ? እትዬ ኣበባስ ደህና ናቸው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሳይቀር ሁሉም ሰላም ነው? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በጤና አሸጋገረዎ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ዋቅጋሪ ወገቡን እያሻሸም ቢሆን ታክሲውን ይነዳል፤ እኔም ላቨርተን ኖርዝ ያለው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸጌን አልተውኩም። እዚህ ሜልበርን አሁን ብርዱ ለቆ ዛፉ ሁሉ አበባ ይዟል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የጎደሉን።

ነገሩን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ቃልኪ ስልኩን ጆሮዎ ላይ እያስጠጋች «አክስቴ፣ ጮክ በይ» ትለኛለች፤ እኔ ስጮህ ጎረቤቴ ምን ነካት ብላ በአጥር ብቅ ትላለች፤ እርስዎ «ምን አለች?» ይላሉ፤ እንዲህ እያልን ግማሹ ወሬ መንገድ ላይ ቀረ። አሁን ሰብሐት የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን እህት ወደ አገር ቤት ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ላክኩልዎ። እርስዎ «ሄደሽ ልጅቷን ይዘሻት ግቢ» ብለው አዘዙኝ። ሄድኩ፤ ሳልይዛት ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎ ብዬ ብዕር አነሳሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ገና አልገባኝም።

ከመነሻው ልጀምርልዎ። ላሊሴ የፊዚዮቴራፒ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ተስማምቶ፣ እኛም እፎይ ልንል ስንል፣ እራት ላይ «ሥራ ከመጀመሬ በፊት ካናዳን አቋርጣለሁ» አለችን። አባቷ «በምን?» ቢላት፣ «በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ መኪናው ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ከተገኘ ተጋርቼ፣ ካልሆነም በእግሬ» አለች። ከምዕራቡ ባሕር ተነስታ እስከ ምሥራቁ ባሕር፣ ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ፣ ድንኳን ይዛ፣ በተቻለው ሁሉ በርካሽ። «እዚያ ማን አለሽ?» አልኳት። «ማንም የለኝም» አለችኝ፤ ያውም ደስ ብሏት። ዋቅጋሪ ሲናደድ ኦሮምኛው ይቀድመዋል፤ በዚያ እራት ላይ ብዙ ኦሮምኛ ተናገረ። እሷ በእንግሊዝኛ መለሰችለት። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ በአማርኛ አለቀስኩ።

ሄደች። ከዚያ ፎቶ መላክ ጀመረች። አንዱ ላይ ዛፍ ሥር በተተከለች ጠባብ ድንኳን ደጃፍ ተቀምጣ ከቆርቆሮ ባቄላ ትበላለች፤ አንዱ ላይ ነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ፀጉሯን ትታጠባለች። ለሷ ቀልድ ነው። ፎቶው በማን በኩል እናንተ ዘንድ እንደደረሰ አላውቅም፤ ብቻ ደብረ ብርሃን ሲገባ «የማንተግቦሽ ልጅ ካናዳ ጎዳና ላይ ወደቀች» ተብሎ ገባ። ቃልኪ እያለቀሰች ስትደውልልኝ፣ ከጀርባዋ እርስዎ «ልጅ ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ሂጂና አምጪያት!» ሲሉ ሰማሁ። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የእኔንም የሷንም የመመለሻ ቲኬት ቆርጬ፣ ካልጋሪ በሚባል ከተማ ላገኛት በረርኩ።

ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሙሉ ካፖርት፣ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ይዤ ነው የሄድኩት። ከስታ፣ ተጎሳቁላ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ስትጠብቀኝ መጀመሪያ አላወቅኋትም። ፀሐይ አጥቁሯታል፤ ጫማዋ ተቀዶ በፕላስተር ተጣብቋል፤ ግን ክንዷ ጠንክሮ፣ ዓይኗ በርቶ፣ ሻንጣዎቼን አይታ እስክታነባ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ!

ያረፈችበት ቤት ሆስቴል ይባላል። በአንድ ክፍል የማይተዋወቁ ሴቶች ተደራራቢ አልጋ ላይ ያድራሉ። ወጥ ቤቱ የሁሉም ነው። እዚያ አንድ መደርደሪያ አለ፤ መንገደኛው የተረፈውን ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ዘይት ትቶበት ይሄዳል፤ የቸገረው ያነሳል። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደወሰደ ማንም አያይም። «ታዲያ ምርቃቱ ለማን ነው?» አልኳት ላሊሴን። እኔም ሽሮ ሠርቼ ለተገኘው ሁሉ አቀረብኩ፤ እንደ ሾርባ በማንኪያ ጠጡት።

ከሁሉ ግራ ያጋቡኝ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጥቷል፤ ከቁመታቸው የማይተናነስ ቦርሳ ተሸክመዋል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቤትም ልጆችም አሏቸው። «ልጆችዎ አይቆጡም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይቆጣሉ እንጂ፤ ፊታቸው ልክ አሁን ያንቺን ይመስላል» አሉኝ። ጋሼ፣ ቤት ያለው ሰው፣ ወግ ማዕረግ ያየ ሰው፣ በዚያ ዕድሜ የሰው አልጋ ላይ ምን ፍለጋ ይወጣል? እሳቸውንም ብጠይቃቸው «እንጃ» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ቲኬቱን አውጥቼ «በቃ፣ ነይ እንግባ» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። «እማ፣ እስከ ዊኒፔግ አብረሽኝ ነይ። እዚያ ስንደርስ አሁንም ግቢ ካልሽኝ፣ ቃሌ ነው፣ እገባለሁ» አለችኝ። ይህን በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ ብርቱ ጉዳይ ካልሆነ በአማርኛ አትደክምም። እሺ አልኳት። ጥቂት ቀን ታግሼ ልጄን በፈቃዷ ባስገባት ይሻላል ብዬ ነው።

ሻንጣዎቼን ሆስቴሉ አደራ ተቀበለን፤ ለእኔም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ቦርሳ ገዝታ በጀርባዬ አሰረችልኝ። እኔ ጓዝ አዝዬ መንገድ የወጣሁት ከዋቅጋሪ ጋር ሞያሌን የተሻገርን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጓዝ ያዘለ ሰው ወይ የሸሸ ነው፣ ወይ ያጣ ነው። አሁን ልጄ ከፊቴ እያፏጨች ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላዋ፣ ከምን እንደምንሸሽ ሳላውቅ እከተላለሁ።

ቁርሳችን ውኃ ውስጥ ያደረ አጃ፣ ምሳችን ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ነበር። ከካልጋሪ ወዲያ ያለው ሜዳ ማለቂያ የለውም፤ ስንዴ፣ ሰማይ፣ ደግሞ ስንዴ። አንዲት ነርስ በመኪናዋ ወስዳ ሳስካችዋን ውስጥ ካለች ትንሽ መንደር አወረደችን። ከዚያ ሌላ ሰው ሊያደርሰን ተቀጣጥረን ነበር፤ መኪናው ተበላሽቶ ቀረ። አውቶቡስ የለም። መንደሩ ዳር ካለው የድንኳን ሜዳ ስናርፍ ራሴ ከበደኝ፤ የደም ግፊት መድኃኒቴን ስፈልግ የለም። ካልጋሪ፣ ሻንጣው ውስጥ ቀርቷል። እሷን አላስደነግጥም ብዬ ዝም ብል ፊቴ ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ ጠፋ።

መንደሩ ፋርማሲ የለውም። የድንኳን ሜዳው ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሊያደርሷት ወደ ጎረቤት ከተማ መኪናቸውን አስነሱ። የመድኃኒቱን ስም ስልኳ ውስጥ ይዛው ኖሯል። እኔን የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀምጣ፣ «እማ፣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀሺ፤ ውኃ ጠጪ» ብላ እንደ ሕፃን አዘዘችኝና ሄደች። ልጄን ከማላውቀው ሰው ጋር ሰደድኳት! የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ውኃ ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጸለይኩ፤ ደጋግሜ ጸለይኩ። ከዚያ አየር ልውሰድ ብዬ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ከፊቴ የስንዴ ማሳ ነው፤ ነፋስ ያስተኛዋል፣ ያነሳዋል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ዋቅጋሪ አይደውልም፤ አለቃዬ ሺፍት ጨምሪ አይለኝም፤ ለእሑድ ምግብ አዘጋጂ የሚለኝ የለም። በዚያ አገር ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።

ጋሼ፣ ይህን ለዋቅጋሪም አልነገርኩትም። ደስ አለኝ። ልጄ በሰው መኪና ሄዳ፣ ራሴ እየከበደኝ፣ በማላውቀው አገር ወንበር ላይ ሆኜ ደስ አለኝ። ከሰውነቴ አንድ ትልቅ ነገር የወረደ ያህል ቀለለኝ። ወዲያው ደነገጥኩ፤ ምን ዓይነት እናት ነኝ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ፤ ደስታው ግን አልሄደም። በዚያው እንቅልፍ ጣለኝ።

የነቃሁት ላሊሴ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነው። «ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽኝ?» እያለች እግሬ ሥር ተንበርክካ ታለቅሳለች። የሞትኩ መስሏታል። መድኃኒቴን አዋጠችኝ፤ የእጄን ትርታ ይዛ ቆየች። ስትረጋጋ «ልጄ፣ ምን አጥተሽ ነው እንዲህ የምትንከራተቺው?» አልኳት። አሰበችበት። «ምንም አላጣሁም። ቤት ስሆን የናንተ ልጅ ነኝ። ሆስፒታል ስገባ የነሱ ሠራተኛ እሆናለሁ። በመካከሉ ማን እንደሆንኩ ለማየት ፈልጌ ነው» አለችኝ። «አየሽው?» ብላት፣ «ገና ነው» አለች። እኔም ስለ ወንበሩ ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ።

ጤናዬ ሲመለስ መንገድ ቀጠልን፤ ዊኒፔግ ገባን። አሁን እርስዎ የሚቆጡበት ቦታ ደረስን። አውቶቡስ ተራው ላይ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቆመች። «እሺ እማ፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ቃሏን ልትጠብቅ ቆርጣለች። የእርስዎ ትእዛዝ፣ የአባቷ ፊት፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጸሎት ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። «ነይ ግቢ» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ስትደርሺ ደውዪ» የሚል ነው። ማን እንደተናገረው እስከ ዛሬ ግራ ገብቶኛል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ቆየች፤ ከዚያ እሷ ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ወደ ካልጋሪ፣ ወደ ሻንጣዎቼ።

ሜልበርን ስገባ ዋቅጋሪ ከኋላዬ ሰው የሚመጣ መስሎት አሻግሮ ያይ ነበር። «የት አለች?» ሲለኝ «ወደ ፊት ሄደች» አልኩት። ሻንጣዎቼን አንስቶ ወደ ታክሲው ሄደ። እህቶችም «ምነው ሳታመጫት?» ሲሉኝ አንዱን ቀን ደክሞኝ ነው እላለሁ፣ ሌላውን ቀን ጌታ ያውቃል እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ላሊሴ ከሃሊፋክስ ደወለች፤ ምሥራቁ ባሕር ደርሳለች፤ ከገና በፊት ትገባለች፤ ሥራዋም ይጠብቃታል። ዋቅጋሪ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ይጮህባታል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብሎ «ባሕሩ ምን ይመስላል?» አላት። ነገረችው። ረጅም ጊዜ ሰማት።

እንግዲህ ጋሼ፣ ልክ ሠርቼ ይሁን ተሳስቼ አላውቅም። ያ ወንበር ግን ከኅሊናዬ አልወጣ አለ፤ ዕቃ ሳሽግ ይመጣብኛል። እናትና አባታችን ሲሞቱ ትምህርትዎን አቋርጠው እኛን አሳደጉ፤ ከዚያ የራስዎን ልጆች፤ አሁን የልጅ ልጆች። አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅምና ዛሬ ልጠይቅዎ፤ ማንም ሳይጠብቅዎ፣ ማንም ሳይልክዎ፣ እንዲሁ ሄደው ሊያዩት የሚመኙት ቦታ ነበር? ካለ ለቃልኪ ይንገሯትና ትጻፍልኝ። ጉልበትዎ ከፈቀደ ስመጣ አብረን እንሄዳለን። ለምን እንደምንሄድ ለሚጠይቀን ሰው ምን እንደምንል ግን እኔ አላውቅም።

እትዬ ኣበባን ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ የላኩት በርበሬ አሁንም ቤታችንን ያሞቃል። ቃልኪን አታልቅሺ፣ የአክስትሽ ልጅ ደህና ናት በሉልኝ። ጸጋዬን በትምህርትህ በርታ በሉልኝ፤ ሕፃናቱን ሁሉ ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ለተብርሃንንም ሰላም በሉልኝ፤ ልጅቷ ጎዳና ላይ ወደቀች ያሉት እሳቸው ከሆኑ፣ ጎዳና ላይ መሆኗ እውነት ነው፣ አልወደቀችም እንጂ በሏቸው። ዋቅጋሪ ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ይነሳዎታል።

የምትወድዎትና የምታከብርዎት እህትዎ
ማንተግቦሽ

ሜልበርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ
መስከረም ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.