ለምክር ቤት ቃል ዋስ ሆነው ስላለፉት ስለ አቶ ሣህለ ማርያም ሰማው የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የብቸናና የሞጣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች መረዳጃ ማኅበር፣ መሥራቹና የመጀመሪያው ሰብሳቢው የነበሩት አቶ ሣህለ ማርያም ሰማው ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቻቸውና ለሕዝቡ የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በትውልድ ከተማቸው በብቸና ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና የማኅበሩ አባላት በተገኙበት ተፈጽሟል።

ሀዘናችን ቁጣ የተቀላቀለበት ነው። ይህንን መደበቅ አልፈለግንም። ከእኛ ቀድሞ በብቸናና በሞጣ መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች የአንዷ ምክር ቤት የራሱን የሀዘን መግለጫ አውጥቷል፤ በመግለጫውም ሟቹ ከምክር ቤቱ ጋር «እጅ ለእጅ ተያይዘው» ከተማዋን ከሲጋራ ጭስ ነፃ እንዳደረጉ አትቷል። የዚህን ምክር ቤት ስም ከአቶ ሣህለ ማርያም ስም ጎን ማስፈር ስላልወደድን ከዚህ በታች «ምክር ቤቱ» እያልን እንጠራዋለን። እጅ ለእጅ ስለመያያዙ ደግሞ እኛ የምናውቀውን እንናገራለን።

አቶ ሣህለ ማርያም በ1950 ዓ.ም. ተወልደው፣ በጤና ረዳትነት ሠልጥነው፣ በሞጣና በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አጫሽ ነበሩ። በሽተኛን «ሲጋራ ተው» ብለው መክረው ሲያበቁ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ሄደው እንደሚያጨሱ ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ሲጋራን ለመጨረሻ ጊዜ አቆሙ። ያቆሙትም በመድኃኒት አልነበረም። አማታቸውን ወ/ሮ ፈንታነሽን ዋስ ጠርተው፣ ድንገት ቢያጨሱ በሽማግሌ ፊት ቆመው የሚወቀሱት አማታቸው እንዲሆኑ በማድረግ ነው። አማቱን በሽማግሌ ፊት አስቁሞ የሚያስወቅስ ጎጃሜ መኖሩን እስከዛሬ አልሰማንም። እርሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጋራ በእጃቸው አልነኩም።

በ1990 ዓ.ም. በሞጣ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ሲበረክቱ አንዳንድ ባልደረቦቻቸው አጫሾቹን በንስሐ አባቶቻቸው ማስገዘት ይሻላል ብለው ሞክረው ነበር። ግዝቱን ያፈረሰው ሰው ጤና ጣቢያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ሸሸ፤ ከሁለቱም ተደብቆ ከበፊቱ የባሰ አጨሰ። አቶ ሣህለ ማርያም በዚህ እጅግ አዝነው «ሰውየውን ከእግዜር ጋር አናጣላው፤ ከወዳጁ ጋር እናስማማው» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያፍረውን ሰው ዋስ እየጠራ ማቆም ጀመረ። ያጨሰው ሰው አይወቀስም፤ ዋሱ ተጠርቶ ይወቀሳል። የእኛ ሰው በራሱ ላይ ይጨክናል፣ በዋሱ ላይ ግን አይጨክንም።

በ1994 ዓ.ም. ይህ ማኅበር በብቸና ተመሠረተ፤ በዓመቱም በሞጣ ቅርንጫፉን ከፈተ። ዛሬ ይህንን መግለጫ የምናወጣው እኛ አብዛኞቻችን ሳንባችን የተረፈው በእርሳቸው ብልሃት ነው።

በ2001 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በመናኸሪያው ውስጥና በትምህርት ቤቶች አካባቢ ሲጋራ እንዳይሸጥና እንዳይጨስ ወሰነ። ውሳኔው ጥሩ ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረቡትም በዚያን ጊዜ በዚያችው ከተማ ይኖሩ የነበሩት አቶ ሣህለ ማርያም ናቸው። በመናኸሪያው ግን ሲጋራ በነጠላ፣ ከማስቲካና ከከረሜላ ጋር የሚሸጡ፣ ልጆቻቸውን በዚያ ንግድ የሚያሳድጉ ሴቶች ነበሩ። ምክር ቤቱ ሲጋራውን ቢተዉ በመናኸሪያው ውስጥ ሼድ ሠርቶ፣ ሻይና ዳቦ የሚሸጡበት ቦታ እንደሚሰጣቸው በስብሰባ ቃል ገባ። ከሴቶቹ አንዷ ወ/ሮ ይርጋነሽ ተነሥተው «እኛ ምክር ቤት የሚባል ሰው አናውቅም። ሲጋራውን እንድንተው ከፈለገ እንደ ሰው ዋስ ይጥራልን» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን ዘወር ብለው አቶ ሣህለ ማርያምን ተመለከቱ። እርሳቸውም ተነሥተው «ለምክር ቤቱ እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

ሴቶቹ በዚያው ሳምንት ሲጋራ መሸጥ አቆሙ። ምክር ቤቱ በሞዴልነት ተመረጠ፣ የምስክር ወረቀት ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሣ።

በ2003 ዓ.ም. ሼዶቹ ተሠርተው ተጠናቀቁ። ለሴቶቹ አንድም አልደረሳቸውም። ለማን እንደተሰጡ የከተማው ሕዝብ ስለሚያውቅ አንዘረዝርም፤ አንዱን ብቻ እንናገራለን። ከሁሉ ሰፊው ሼድ ለሲጋራ ማከፋፈያ ተሰጠ። በሴቶቹ ስም የተሠራው ቤት የሲጋራ ካርቶን ተደረደረበት፤ በነጠላ መሸጥ የተከለከለው በጅምላ ገባ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው።

አቶ ሣህለ ማርያም ምክር ቤቱን ደጋግመው ጠየቁ። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ተባሉ። «አጀንዳ አልተያዘለትም» ተባሉ። በመጨረሻም ትርፍ ቦታ እንደሌለ ተነገራቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነውና፣ ለማከፋፈያው የተገኘው ቦታ ለሴቶቹም በተገኘ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ሴቶቹ ወደ ዋሳቸው መጡ። ልማዱም ይህንኑ ያዛል። አቶ ሣህለ ማርያም በመንገዱ በኩል ያለውን የግቢያቸውን አጥር አፍርሰው፣ በጓሯቸው ላይ ክዳን ሠርተው «እስኪሰጧችሁ ድረስ እዚህ ሽጡ» አሏቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይነሽም የጎመን መደባቸውን ለቀቁ። የምክር ቤቱን ቃል የጠበቀው ያ ጓሮ ብቻ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ደንብ አስከባሪዎች ያንን ክዳን «ሕገ ወጥ ግንባታ» ብለው አፈረሱት። ቃሉን ያጠፈው ራሱ ምክር ቤቱ፣ ዋሱ ስለ እርሱ ሲል የሠራውን አፈረሰበት።

በማግሥቱ ወ/ሮ ይርጋነሽ ወደ አቶ ሣህለ ማርያም ቤት ሄደው «ጋሽ ሣህሉ፣ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው። ከማከፋፈያው ወስጄ ሲጋራ ልሸጥ ነው። ልጆቹ ሊበሉ ይገባል፤ አይዘኑብኝ» አሏቸው። እርሳቸውም «አንቺማ ምን አጠፋሽ፤ የታጠፈው የእኔ ቃል ነው» ብለው መለሱ። ዛሬ በዚያ መናኸሪያ ሲጋራ በጅምላም በነጠላም ይሸጣል። ማኅበራችን ያስቆማቸው ሾፌሮችና ረዳቶች በብዛት ተመልሰው ያጨሳሉ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሣህለ ማርያም መናኸሪያው ውስጥ አልገቡም። ለማኅበሩ ስብሰባ ወደ ብቸናም ሆነ ወደ ሞጣ ሲመጡ ከከተማው መውጫ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ አውቶቡሱን ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሞልቶ ሲያልፋቸው ሌላ ይጠብቃሉ። አሟቸው ሳለም ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ብዙዎቻችን በመስኮት አይተናቸው አንገታችንን ደፍተናል። ዋስ የሆኑለትን ቃል ሌላ አጥፎት፣ የሚያፍሩት ግን እርሳቸው ነበሩ።

በቀብራቸው ዕለት የምክር ቤቱ ተወካይ የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተው ንግግር አድርገዋል። ስለ ሴቶቹ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሴቶቹ ግን እዚያው፣ ከተወካዩ ጀርባ ቆመው ሲያለቅሱ ነበር።

በአገራችን ልማድ ዋስ ያስጠራ ሰው ራሱ «አውርጄዋለሁ» ካላለ ዋስነት በሞትም አይወርድም። ወ/ሮ ፀሐይነሽን ከሀዘናቸው በላይ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። በሣልስታቸው ዕለት፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ ወደ ሴቶቹ ሄደው «እባካችሁ ባሌን አውርዱልኝ። ዋስ እንደሆነ አፈር አይጫነው» ብለው ለመኑ። ወ/ሮ ይርጋነሽ ተነሥተው በሽማግሌዎች ፊት «ጋሽ ሣህሉን አውርደናል። የእርሳቸው ሆድ ለእኛ ክፉ አልነበረም። ያወረድነው ግን እርሳቸውን ብቻ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሰምተው መረቁ።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ፀሐይነሽ፣ ለልጆቻቸው፣ በሞጣና በብቸና አብረዋቸው ለሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ እርሳቸውን አምነው እንጀራቸውን ለተዉት ሴቶች መጽናናትን ይመኛል። ለእርሳቸውም ፈጣሪ በሕይወት ሳሉ የተነፈጋቸውን ዕረፍት እንዲሰጣቸው እንለምናለን።

ለምክር ቤቱ የምናስተላልፈው የሀዘን መልእክት የለንም። ሕዝቡ ግን ይህንን እንዲያውቅልን እንፈልጋለን፦ አቶ ሣህለ ማርያም ሰማው ከጥር ወር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከዋስነታቸው በክብር ወርደዋል፤ ምክር ቤቱ ከእንግዲህ ለማንም ቃል ሲገባ ዋስ የለውም።

የብቸናና የሞጣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች መረዳጃ ማኅበር
ብቸና፣ ጥር 2010 ዓ.ም.